እናቴ በእበት የለቀለቀቻት መኪና

ልጅ እያለሁ ሰኔ ሲመጣ ደጃችን የተቃጠለ ዘይት ይሸት ነበር። አባቴ ከአርብ ገበያ ደብረ ታቦር እህል የሚያመላልስባት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ከሥሯ ይገባና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ከሞተሯ ያወጣውን ጥቁር ዘይት በጨርቅ ይቀባታል። ጨው ብረት ይበላልና ጫንልን ቢሉት በጄ አይልም፤ «ከአያያዝ ይቀደዳል» ይል ነበር። ከእሷ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም።

አንድ ዓመት ሰኔ ሊገባ ሲል ሾፌር ተፈለገና አባቴን ለዘመቻ ወሰዱት። መኪናዋ ሳትቀባ ቀረች። ምስኪን እናቴ እንቅልፍ አጣች፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወጥታ ታያታለች። ከሞተር ዘይት ማውጣት የት ታውቅና! እሷ የምታውቀው ጎተራና አውድማ መለቅለቅ ነው። ስለዚህ እበት ከጭድ ለወሰችና ከመኪናዋ ሥር በጀርባዋ ተኝታ፣ ቀዳዳ ሳታስቀር ለቀለቀቻት። ክረምቱን ሙሉ በተሰነጠቀ ቁጥር ትደግመዋለች። ጎረቤቶቻችንም «እንዲህ ነው እንጂ ሴት!» እያሉ ያሞግሷት ነበር።

አባቴ በጥቅምት ከስቶና ጠቁሮ መጣ። ስመን ሳንጠግበው ከመኪናዋ ሥር ገባ። የደረቀውን እበት ሲፈቀፍቀው ብረቱም አብሮ ረገፈ፤ ለካስ እበቱ እርጥበቱን አቅፎ ይዞ ለዝገት ሲያስበላው ከርሟል። ጣቱ ከታች ገብቶ በመኪናዋ ወለል በኩል ብቅ ሲል አየሁት።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ለጎተራ የበጀ ለብረት ይከፋል ብዬ መቼ አሰብሁ! ቤትዎን በገዛ እጄ አፈረስሁት» አለች።

አባቴ ቁጡ ሰው ስለነበር እኔ ለእናቴ ፈራሁ። ኋላ ግን እዚያው እንደተኛ ሲስቅ ተሰማ።

«አይዞሽ፣ አታልቅሽ» አላት። «ጎተራ ብትሆን ኖሮ እኮ አንዲት ነቀዝ አትደፍራትም ነበር።»

ወለሏን በአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ ጠጋግኖ መልሶ ሥራ አስጀመራት። በተከታዩ ሰኔ ግን ብቻውን አልገባም። ለእናቴ ጨርቅና የዘይት ጣሳ ሰጥቶ አብረው ገቡ። ለእኛ ለልጆቹ ከውጭ የሚታየን አራት እግር ብቻ ነበር፤ ሳቃቸው ግን እስከ ጎረቤት ይሰማል። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እንደዚያው ሆነ።

ዛሬ የራሴን መኪና ጋራዥ አስገባለሁ። የዝገት መከላከያውን በማሽን ይረጩባታል፤ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። እውነቱን ለመናገር የእኔዋ በስንት ጣዕሟ፣ ዝገት የሚባል አያውቃትም። ብቻ ሥራው አልቆ ቁልፉን ሲሰጡኝ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አያለሁ። አራቱ እግሮች የሉም።