አረንጓዴው ከኋላዬ ይታይ

ሥራዬ ማስረዳት ነው፤ አሁን አሁን ግን ሰልችቶኛል። ከተማችን ለጎርፍ መውረጃ ቦዮችና ለጣና ዳርቻ ጽዳት «አረንጓዴ ቦንድ» ሸጣ ልትበደር አስባለች፤ እኔም ይህንኑ ለመንገር ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር በተጠራው ስብሰባ ገና «ቦንድ» ከማለቴ አንድ አስተማሪ «ደግሞ ከደመወዛችን ሊቆረጥ ነው?» አለ። የግድቡ ጊዜ ትዝ ብሎት ነው። «አይደለም፤ የሚገዙት ባለሀብቶች ናቸው» አልሁ። ማንም አላመነኝም።

ከኋላ አንድ ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ ተነሡ። «ልጄ፣ አረንጓዴ ያላችሁት ለምንድን ነው?»

«ለተፈጥሮ የሚበጅ ሥራ ስለሚሠራበት ነው፤ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭም እናስነቅልበታለን» አልኋቸው።

ሽማግሌው ዞር ብለው ውኃው ላይ የተኛውን አረም አዩት። «እኛን ያስራበንስ አረንጓዴው አይደል እንዴ?» አሉና ተቀመጡ።

በማግሥቱ ቦንዱን ሊገዙ ያሰቡ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡና እዚያው ዳርቻ ወሰድኋቸው። አንዷ እምቦጩን ስታይ ፊቷ በራ። «እንዴት ያምራል! እስቲ አረንጓዴው ከኋላዬ እንዲታይ አድርገው ያንሡኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ደክሞኝ ነበር። አነሣኋት።