ረጅሙ ሌንስና የእትዬ ጽጌ ሻሽ

ትናንት ከሰዓት ሊዲያ በሬን አንኳኳች። ሊዲያ ማለት ከፊት ለፊታችን ባለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት የእትዬ ጽጌ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ዘንድሮ ነው። አክስቷ ካሜራ ሰጥታታለች፣ አሁን ከሩቅ የሚስብ ሌንስ ትፈልጋለች። ስልኳን አውጥታ ሁለት ሌንስ አሳየችኝ። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ርካሽ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጠር ያለ።

«እማዬ ናት ያንን ቀዥቃዣ ጠይቂው ያለችኝ» አለች።

ቀዥቃዣው እኔ ነኝ። አልከፋኝም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለ ካሜራ የሚጠየቅ ሰው ከተፈለገ ከኔ ሌላ ማን አለ? ሰርግ በለው፣ ምርቃት በለው፣ ክርስትና በለው፣ ከአብነት እስከ ሰንጋ ተራ እኔ ያላነሳሁት ሰው ካለ ወይ አልተወለደም ወይ መልኩን አያምንበትም። ግን ስልኩን ሳየው ጣቴ ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመረ። እነዚያን ሁለት የሌንስ ዓይነቶች አውቃቸዋለሁ።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ። ሥራዬ የታክሲ ረዳት ነበር። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥዬ «ልደታ፣ አብነት፣ ልደታ» እላለሁ፤ ታክሲው ሲቆም እንኳን እኔ አልቆምም። ማታ እራት ላይ እግሬ ከጠረጴዛው ስር ይጨፍራል፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ አብሮት ይጨፍራል። እማዬ «አንተን ያረገዝኩት ባቡር ላይ ሆኜ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

አጎቴ የክርስትና ፎቶ ሲያነሳበት የኖረውን ካሜራ የሰጠኝ በዚያ ዓመት ነው። አብሮት የመጣው ሌንስ የሚያነሳው ቅርብ ቅርቡን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቅርብ ያለ ነገር ሰልችቶኛል። ቅርብ ያለው ምንድነው? የታክሲው ጎማ፣ የሹፌሩ ማጅራት።

ልቤ ሰማይ ላይ ነበር። ከእትዬ ጽጌ ብሎክ ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጪ፣ አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ነበር። ጫፉ ላይ ጭልፊቶች ጎጆ ሰርተዋል። በባዶ ዓይን ሲታይ ጥቁር እብጠት ነው፣ ሌላ ምንም አይለይም። ታህሳስ ነው፤ ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፣ አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጾመ ነቢያት ስለነበረ ታች ያለው ሥጋ ቤት መንጠቆው ባዶ ነው። ጭልፊቶቹ ሥራ ፈትተው ቀኑን ሙሉ ከኮንዶሚኒየሙ በላይ ይዞራሉ። እንደኔው፣ ማረፍ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

ለጀለሶቼ ነገርኳቸው። «የዚችን ጭልፊት ዓይኗን ነው የማነሳው። ዓይኗ ውስጥ ደግሞ እኔን ታዩኛላችሁ።»

ሰንጋ ተራ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያገለገሉ ካሜራዎች የምትሸጥ ሰላም የምትባል ልጅ አለች። በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ገና ስገባ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ምን ልታነሳበት ነው?»

«የሚበር ነገር።»

«አውሮፕላን?»

«ጭልፊት። ከፈለግሽ አውሮፕላኑንም ከነፓይለቱ።»

ከመስታወቱ ስር ሁለት ሌንስ አወጣች። ረጅሙ ሦስት መቶ ነው፣ አጭሩ ሁለት መቶ ሃምሳ፤ ይሄ እንግዲህ ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርቡ ነው። ዋጋቸው ያው በያው ነው። «አጭሩ ግን ውስጡ ማረጋጊያ አለው፣ እጅህ ቢንቀጠቀጥም ይይዝልሃል። ረጅሙ የለውም» አለችኝ።

«ከሦስት መቶና ከሁለት መቶ ሃምሳ የቱ ይበልጣል?»

«በቁጥር ከሆነ ሦስት መቶ።»

«በቃ፣ እኔም የተማርኩት እስከ ቁጥር ነው።»

አልሳቀችም። «እግርህን እየው እስቲ» አለች። አየሁት፣ እየጨፈረ ነው። «አጭሩን ውሰድ፣ ወንድሜ።»

«እኔ እኮ በሚሮጥ ታክሲ በር ላይ በአንድ እጄ ተንጠልጥዬ መልስ የምሰጥ ሰው ነኝ።»

ረጅሙን ገዛሁ። ስትዘረጋው ልክ እንደ ቧንቧ ይመዘዛል፤ አንገትህ ላይ አንጠልጥለኸው ስትሄድ ሰው መንገድ ይለቅልሃል። እኔ ከሌንስ ከዚህ ሌላ ምን እንደሚጠበቅ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ታክሲው ሥራ ሳይጀምር ኮሪደራችን ላይ ቆሜ ሰማይ ማሳደድ ሆነ። ጭልፊቷ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ግራ። እሷ ወደ ታች፣ እኔ ከኮሪደሩ መደገፊያ ብረት ላይ ልወድቅ። ፎቶው ካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽዬ ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል፤ ስታጎላው ግን ያለው ጭልፊቷ ሳትሆን ያለፈችበት ንፋስ ነው። ሁሉም ብዥ። ለጀለሶቼ ይሄን ልነግራቸው እንዴ?

«አገኘሃት?» ይሉኛል።

«ምን ማግኘት ብቻ፣ ዓይኗ ውስጥ ፀጉሬን አበጠርኩ።»

«አሳየና።»

«ኤግዚቢሽኔ ላይ ታያላችሁ።»

በዚያው ሰሞን ከየበረንዳው የተሰጣ ልብስ መጥፋት ጀመረ። ከኛ ቤት የኔ አንድ እግር ካልሲ ሄደ፤ እማዬ ጓደኛ የሌለውን ካልሲ አልጥልም ብላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። የእትዬ ጽጌ ግን ለበዓል ብለው ያስቀመጡት ቀይ ሻሽ ነው የጠፋው፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ። ይሄ እንደ ካልሲ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ችግሩ ምንድነው፣ ባሕር ዛፉ ያለው ከእሳቸው ብሎክ ጀርባ ነው። ከኛ ኮሪደር ወደ ዛፉ የሚሄድ ሌንስ የእትዬ ጽጌን በረንዳ ሳይረግጥ አያልፍም። አንድ ጠዋት ከማዶ ጮኹብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ነገርህን ከቤቴ ላይ አንሳልኝ።»

«ጭልፊት ነው የማነሳው እትዬ።»

«ጭልፊቱማ አንተ ነህ።»

ሳምንቱ ሳያልቅ ወሬው አድጎ ጢም አወጣ። በዚያ ረጅም ነገር ማን ከቤት እንደወጣ፣ ማን ምን እንደሰጣ ያያል፣ ከዚያ ለሌባ ጓደኞቹ ይደውላል ተባለ። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም የሚሉኝ ሰዎች ቦርሳቸውን ወደ ሌላኛው ትከሻ ማዞር ጀመሩ። እኔ ይሄን በቀልድ አልፈው ነበር። እማዬ ግን የኛን ልብስ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ማስጣት ጀመረች። ለምን ስላት «ገመዱ ጋ ስቆም ያዩኛል» አለች። ቤታችን እርጥብ እርጥብ ሸተተ። ያንን ሽታ በምን ቀልድ እንደማልፈው ጠፋኝ።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ የብሎኩ ኮሚቴ ኮሚናል ቤት፣ ማለትም ሁላችንም በጋራ በምንጠቀምበት አዳራሽ ጠራን። ሰብሳቢው ጋሼ ደበላ ናቸው፤ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተዋል፣ ስብሰባ ግን ጡረታ አላወጡትም። ሱፋቸውን ለብሰው ቁጭ ብለዋል።

«ልጁ ጭልፊት ነው የማነሳው ይላል» አሉ። «እንግዲያው ያነሳው ሁሉ ይታይ። ወይዘሮ ጽጌ ቤት ካለበት እናውቃለን።»

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ካላሳየሁ ሌባ ነኝ። ካሳየሁ ጉረኛ ነኝ። ጀለሶቼ ከኋላ በኩል ግድግዳውን ተደግፈው፣ በመጨረሻ የጭልፊቷን ዓይን ልናይ ነው ብለው ተደስተዋል። እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወለሉን ታያለች። እግሬ ወንበሩን እያንቀጠቀጠው፣ ከካሜራው ካርዱን አውጥቼ ሰጠሁ። ኳስ የሚታይበት ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ተሰካ።

የመጀመሪያው ፎቶ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ጋሼ ደበላ።

«ጭልፊት ነው ጋሼ።»

«የቱ ጋ?»

«ይሄ ሁሉ።»

ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። ጉም። ጭስ። የሆነ ሰው ጣቱን ሌንሱ ላይ የጎተተ የሚመስል ነገር። ከኋላ አንዱ ጀለሴ «ፀጉሩን ሲያበጥር የሚታየው የትኛው ላይ ነው?» አለ፣ ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው። እትዬ ጽጌ ሳይቀሩ ሳቁ። «እኔ ይሄን ፈርቼ መጋረጃ አስቀየርኩ? ይሄ ልጅ እንኳን የሰው ቤት፣ በዚህ ነገር የራሱንም ቤት በር አያገኝም።»

ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። ክብሬ ሄዷል፣ ግን ነፃ ነኝ። ያኔ አንድ ፎቶ መጣ፤ ክንፍ የሚመስል ብዥታ፣ ከስሩ ደግሞ ቀይ ጭረት። እትዬ ጽጌ ብድግ አሉ።

«አቁሙት። ያ ሻሼ ነው።»

«ሥጋ ይሆናላ» አሉ ጋሼ ደበላ።

«በጾም የምን ሥጋ?»

ጋሼ ደበላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ፣ ፎቶው ያው ነው። «በዚህ ዓይነት ፎቶ ሰውም ወፍም አይከሰስም» አሉ። «እስከሚቀጥለው እሁድ ጥርት ያለ አምጣ። ካልሆነ ካሜራው ኮሚቴው ጋ ይቀመጣል፣ የልብሱም ጉዳይ ወደሚመለከተው አካል ይሄዳል።»

በማግስቱ ሰላም ጋ ሄድኩ። «ይሄ ሌንስ ታሟል» አልኳት።

ደጅ ወጥታ፣ በሩን ተደግፋ፣ ማዶ የቆመ ታክሲ አነሳችበት። ታፔላው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። «ሌንሱ ጤነኛ ነው» አለች። ከዚያ አንድ በርጩማ አቀረበችልኝ። «ቁጭ በል። ሻይዬን እስክጨርስ ሳትነሳ ከጠበቅከኝ በአጭሩ እቀይርልሃለሁ።»

ሻይ እንደዚያ ቀስ ተብሎ ሲጠጣ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ትነፋበታለች፣ ትተወዋለች፣ ከደንበኛ ጋር ታወራለች፣ ትመለሳለች። መቀመጫዬ ጋለ። ደጅ የሚያልፈው ታክሲ ሁሉ በስሜ የሚጠራኝ መሰለኝ። የእማዬ ልብስ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝና ቁጭ አልኩ።

«እግርህ ግን አልቆመም» አለች በመጨረሻ ብርጭቆዋን አስቀምጣ። «ይሁን፣ እግር አይቆጠርም። ይሄኛውም ተአምር አይሰራም፣ የሆነ ነገር ላይ አስደግፈው።»

ቤት ገብቼ ይሄንን ስናገር እማዬ መሳቢያውን ከፍታ ያንን ጓደኛ የሌለው ካልሲ አወጣች፣ ሽምብራ ሞላችበት፣ አፉን በክር አሰረችና ሰጠችኝ። ኮሪደሩ ብረት ላይ አስቀመጥኩት። ሌንሱ ላዩ ላይ እንደ ሕፃን ተኛ።

ጭልፊቷን ማሳደድ ተውኩ። ሌንሱን ጎጆው ላይ ተክዬ ጠበቅኩ። መጠበቅ ማለት ለኔ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የታክሲ ረዳትን ሰልፍ ላይ አቁሞ ይሞክር። እጄን ያሳክከኛል፣ አፍንጫዬን ያሳክከኛል፣ የሌለኝ ቦታ ሁሉ ያሳክከኛል። ማክሰኞ የለም፣ ረቡዕ የለም ስል ሐሙስ ጠዋት ንፋስ መጣና የባሕር ዛፉን ጫፍ ወደኛ አዘንብሎ ጎጆውን ገለጠው። ትንፋሼን ዋጥኩ። ተጫንኩት።

እሁድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲወጣ የሳቀ የለም። ጎጆው ሞልቶ ይታያል። የኔ ካልሲ ተንጠልጥሏል። የጋሼ ደበላ ነው ተብሎ የሚጠረጠር፣ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ የማያምኑት፣ ባለ መስመር ሙታንታ አለ። መሃል ላይ ቀዩ ሻሽ ተነጥፏል፣ ቢጫ ጠርዙ ሳይቀር። ሻሹ ላይ ደግሞ ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች ተኝተዋል።

እትዬ ጽጌ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው ቆሙ።

«ልጆች አሏት እንዴ» አሉ። ጣታቸውን ሻሹ ላይ አድርገው ደግሞ «አሳምራ ነው ያነጠፈችው።»

ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔም አልጠበቅኩም። በማግስቱ ጠዋት ግን ከበረንዳቸው ሆነው፣ ሁለቱ ብሎክ እስኪሰማ፣ እማዬን ተጣሩ።

«አስናቀች፣ አስናቀች፣ ልብስሽን አታወጪውም እንዴ? ፀሐይ እኮ ነው።»

እማዬ አንሶላውን፣ የኔን ሸሚዝ፣ ያለንን ሁሉ ተሸክማ ወጣችና ገመዱ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋችው፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ሰላም ሻይ።

ይሄን ሁሉ ትናንት ለሊዲያ አወራሁላት፣ ከራሴም ትንሽ ጨማምሬ። ሳቀች። «እማዬ ስታወራው ግን ሻሹን ለጫጩቶቹ ራሷ እንደሰጠቻቸው ነው» አለች። ለካ ጉረኛው እኔ ብቻ አይደለሁም። ባሕር ዛፉ ዛሬ የለም፣ ሕንፃ እየተሰራበት ነው፤ ጭልፊቶቹም ክሬኑ ላይ ሰፍረዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌንስ ገዝቻለሁ፣ ሽጫለሁ፤ ያቺን አጭሯን ግን አልሸጥኳትም። ሊዲያንም አጭሩን ውሰጂ፣ ረጅሙ ያዋርድሻል ብያት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ያቺን የድሮ ካልሲ በአዲስ ሽምብራ ሞልቼ ልሰጣት ስወጣ፣ ሊዲያ በእናቷ በረንዳ ላይ ቆማለች። ረጅሙን ነው የገዛችው። ወደ ክሬኑ አነጣጥራ፣ ምንም ሳትደገፍ፣ እንደ ምሰሶ ቆማለች። ቅንድቧ እንኳን አይንቀሳቀስም። ለካ እኔ ለሰው የምመክረው ለራሴ እግር የሚሆነውን ሌንስ ነው። ካልሲዋን ኪሴ ከተትኳት።

ያኔ ሌንሱን ከክሬኑ ላይ አንስታ በግቢው ላይ አሻግራ ወደኔ አዞረችው። እናቷ ያኔ የተሰማቸው አሁን ገባኝ።

«አትንቀሳቀስ» አለችኝ ከማዶ።

ሞከርኩ።