ቪዶሳቫን ዳገት የሚያወጣ ሞተር

ራዶይኮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንዲት የሰርቢያ ከተማ ፖስታ ሲያድል የኖረ፣ በዕድሜው አንድ መኪና ብቻ የገዛ ሰው ነው። ትንሽዬ ናት፤ በአገሬው አጠራር ፊቻ ትባላለች። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፣ ባለቤቷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሯ ነው። የሞተሯ ክዳን እንደ ሌሎቹ ፊቻዎች ሁሉ በዱላ ተደግፎ፣ እንደተከፈተ ትነዳለች፤ ከተዘጋ ሞተሩ ይግላል።

ሚስቱ ቪዶሳቫ ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው መንደር ልጅ ናት። ወንድሟ ሚላዲን አሁንም እዚያው ነው። በየዓመቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ቤተሰቡ ዝክር አለው። በዚያ አገር ለዝክር ማንም አይጠራም፤ መምጣት ያለበት ራሱን ያውቃል፣ የቀረ እንደሆነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይታማል። ችግሩ ዳገቱ ነው። ፊቻዋ ሁለት ሰው ጭና አትወጣውም። ስለዚህ ከተጋቡ ጀምሮ ራዶይኮ ከዳገቱ ሥር፣ አንድ የፕሪም ዛፍ ጋ ያቆማል፣ ቪዶሳቫ ትወርዳለች፣ እሱ ለዝክሩ የጋገረችውን ኬክ ይዞ ይወጣል፣ እሷ በእግሯ ትከተላለች። ኬኩ ይሳፈር፣ ሚስት ትራመድ ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ እንጃ። እሷ ግን አጉረምርማ አታውቅም፤ በየአጥሩ እየቆመች፣ አብሮ አደጎቿን እየሳመች ነው የምትወጣው።

አምና ጉልበቷ እምቢ አለ። ትንሽ ተራምዳ ተመለሰችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ራዶይኮ የዝክሩን ዳቦ በሳህን አውርዶላት እዚያው በላች። ሚላዲንም ልቡ ከደከመ ወዲህ ዳገቱን አይወርድም። እህትና ወንድም በአንድ መንገድ ጫፍና ጫፍ ሳይተያዩ ዋሉ።

ሲመለሱ ቪዶሳቫ፣ «እንግዲህ ሚላዲንን የማየው ከሁለታችን አንዳችን ስንቀበር ነው» አለች፣ ነገ ይዘንባል እንደምትል ሁሉ። ራዶይኮ ማርሽ ቀየረ።

ታክሲ ይውሰዳት ያለው ሰው ነበር። ራዶይኮ ያንን ሰው ሰላም ማለት አቁሟል። በማግስቱ የሠርጉ ሚዜ ወደነበረው መካኒክ፣ ወደ ስሬተን ጋራዥ ሄደ።

«ሚዜዬ፣ የፊቻዋን ሞተር አውጥተን ትልቅ እንክተትባት።»

«ምን ያህል ትልቅ?»

«ቪዳን ከነኬኩ የሚያወጣ።»

ስሬተን እጁን በጨርቅ ጠረገ። እነሱ ዘንድ ሚዜ ሲለመን እምቢ አይልም፤ መነዝነዝ ግን ይቻላል።

«ሞተር አለኝ። ግን ካምቢዮዋ አይችለውም፣ ፍሪሲዮኗም አይችለውም። ፍሬኗ እንደሆነ አሁንም የሚይዘው በጸሎት ነው።»

«ፍሬን ምን ያደርጋል? ወደ ላይ እኮ ነው የምንሄደው።»

«እዚያው ልትቀሩ ነው?»

ራዶይኮ ይህን አላሰበበትም ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ዕቅድ አወጡ። ስሬተን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ሞተሩን ሣለ፣ ራዶይኮ አጠፋው፣ እንደገና ተሣለ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ምክር ለገሰ። ራዲያተሩ ከፊት እንዲሆንና ውኃው በቱቦ በመኪናዋ ሆድ ሥር እንዲያልፍ ተስማሙ። ስሬተን ፍሬኑንም አደሰ። በመጨረሻ ሞተሩ ገባ፣ ግን ረዘመ።

«ክዳኑ አይዘጋም» አለ ስሬተን።

«መቼ ተዘግቶ ያውቃል?»

ቪዶሳቫ የባቄላ ሾርባ ስታመጣላቸው፣ «አንተ ሰው፣ በዚህ ዕድሜህ የት ልትበር ነው?» ትላለች። እሱም አልነገራት፣ እሷም አልጠበቀች። ያን ሰሞን ግን ሾርባው ውስጥ ሥጋው በዛ።

የጊዮርጊስ ለት ራዶይኮ ሙሉ ልብሱን ለበሰ። ቪዶሳቫ ኬኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሜዳውን እየገሰገሱ የፕሪሙ ዛፍ ጋ ደረሱ። ራዶይኮ አቆመ። ቪዶሳቫ ኬኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወረደች። በሩን ዘጋች። እሱም ሄደ።

ፊቻዋ ዳገቱን ተወረወረችበት። ዶሮው ተበተነ፣ ሰው ከየአጥሩ ብቅ አለ፣ ራዶይኮ ብቻውን ሳቀ። ሚላዲን ምርኩዙን ይዞ ከደጁ ቆሞ ነበር።

«አየሃት?» አለ ራዶይኮ ሳይወርድ።

«አየኋት። እህቴስ?»

«ትመጣለች፣ በእግሯ ናት» አለ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር እንደሚለው።

ሚላዲን ኬኩን ተመለከተ። «በየትኛው እግሯ?»

የራዶይኮ ሳቅ ከፊቱ ላይ ረገፈ። ኬኩን ለሚላዲን አስታቅፎ መኪናዋን አዞረ። ሲወርድ የስሬተንን ፍሬን በልቡ መረቀ።

ቪዶሳቫ የመጀመሪያው ጥምዝ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛለች።

«ለምን ወረድሽ?»

«ለምን አቆምክ?»

ልማድ ነበር፤ የሁለቱም። ራዶይኮ አፈረ፤ እስከ ጆሮው ቀላ። «ይቅር በዪኝ፣ ቪዳ» አለ።

«ሲወጣ ሰማሁት። ጥሩ ሞተር ነው። በል እጅህን ስጠኝ።»

አስገባት። ነዳጁን ሲረግጠው ሁለቱም ወንበራቸው ላይ ተለጠፉ።

«ራዶ፣ ቀስ በል።»

«ገና ምን አየሽና! ሁለተኛ ማርሽ...»

«ቀስ በል አልኩህ። ያ የስታኖይካ ደጅ ነው። ሰላም ሳልላት ላልፍ ነው?»

ቀስ አለ። መስኮቱ ወረደ፣ ስታኖይካ ተሳመች። ከዚያ ቀጣዩ ደጅ፣ ከዚያ ቀጣዩ። የክረምቱ ልፋት ሁሉ በመጀመሪያ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ወጣ። ቅድም የተበተኑት ዶሮዎች ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር።

የሚላዲን ጎረቤት ቦጎሳቭ አጥሩን ተደግፎ ጠበቃቸው። «ብቻህን ስትሆን ትበራለች» አለ፣ «ሚስትህን ስትጭን ያው የድሮዋ ናት። ክረምቱን ሙሉ ምን ስትሠሩ ከረማችሁ?»

ራዶይኮ እግሩን ነዳጁ ላይ አሳረፈ። አንድ ጊዜ ቢረግጠው ቦጎሳቭ አቧራ ይቅም ነበር። ቪዶሳቫ ግን ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ የቦጎሳቭን ሚስት አቅፋለች።

«ያው ናት» አለ ራዶይኮ። «አልተሳካም።»

ሚላዲን ኬኩን እንደታቀፈ ከደጁ አልተንቀሳቀሰም። የዝክሩን ሻማም ሳያበራ ጠብቋታል።

«ቆየሽ» አላት።

«ሰው እየሳምኩ።»

ከዚያ ኬኩን መሃላቸው አድርገው ተቃቅፈው አለቀሱ። ራዶይኮ የሚያደርገው ጠፋውና፣ ከነሙሉ ልብሱ፣ ፍሬኑን ሊያይ ከፊቻዋ ሥር ገባ።