የታሰረው ሱቅ

ባሕር በሌለባት ከተማችን ውስጥ ሱቅ የከፈተው የመርከብ ካፒቴን በደረቅ መሬትም እግሩን አንፈራጦ ነው የሚሄደው። ዕቃውን ሁሉ ከመደርደሪያው ጋር በገመድ ያስራል። ለአንድ ሳሙና ሦስት ቋጠሮ ሲፈታ ደንበኛው ይሰለችና ወደ ማዶው ሱቅ ይሻገራል።

ትናንት ስገባ ሚስቱ መቀስ ይዛ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቤት የትም አይሄድም። ገመዱን ካልቆረጥን ሱቁ መዘጋቱ ነው።»

«ትንሽ ታገሺኝ፤ ወጀብ እየመጣ ነው» አላት፣ በበሩ በኩል አየሩን እያሸተተ።

«ከተጋባን ጀምሮ እየመጣ ነው» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

አፏን ሳትዘጋ ወጀቡ መጣ። የጣሪያው ቆርቆሮ ብድግ ሲል ያ ዝምተኛ ሰው ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። ገመድ በጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ወርውሮ «ሳቢ፣ የኔ እመቤት! እንዳትለቂ!» አለ። እኔም ከዘራዬን ጥዬ አብሬያት ሳብኩ፤ ልቤ እንዲህ ከመታ ስንት ዘመኑ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ነገር ሲመጣለት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አየሁ።

ጸጥ ሲል የማዶው ሱቅ ዕቃ መንገዱን ሞልቶታል፤ የእኛው አንድም አልወደቀም። ሚስቱ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«እስቲ አፈታቱን አሳየኝ» አለችው። «ሁለት ሆነን ከፈታን ደንበኛም አይሰለችም።»