የይሄነው የተሰረዘ ጽሑፍ

ወንድሜ ይሄነው የኬሚስትሪ ሰው ነበር። ውጭ አገር ተምሮ በ2009 ዓ.ም. በአዊ ወዳለችው ከተማችን ወደ ቆሰበር ሲመለስ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። ገበሬው ሁሉ ለከሰል እያለ የሚተክለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ፣ ባትሪ ውስጥ ኃይል የሚይዝ ካርቦን ይወጣው ይሆን? ሊቲየም ውድ ስለሆነ እሱ ያሰበው ከጨው በሚገኘው ሶዲየም የሚሠራ ባትሪ ነበር። ከተሳካ፣ መብራት ያልገባለት ቀበሌ የቀኑን ፀሐይ ለማታ ያስቀምጣል ይል ነበር።

ከሰሉን ያገኘው ከግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ ከሚኖሩት ከአቶ ትዕዛዙ ነው። በአዊኛ ሲቀላለዱ ቆይተው አንድ ጆንያ ለመናቸው። «ጥሩውን ይምረጡልኝ» አላቸው። ሲያመጡለት ጆንያው ላይ በራሱ እጅ «ዲከረንስ፣ የስድስት ዓመት» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ከሰል የተሠሩት ባትሪዎች አንድ ሺህ ጊዜ ተሞልተው አንድ ሺህ ጊዜ ባዶ ሲሆኑ አቅማቸው ብዙም አልቀነሰም። ጽሑፉ በ2013 ውጭ አገር በሚታተም መጽሔት ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አብረውት የሚያስተምሩ ባልደረቦቹ «ዶክተር ከሰል» አሉት፤ ስሙን ወደደው። አብራው የሠራችው ተማሪው ሀይማኖትም በዚሁ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች።

ጆንያው ሲያልቅ ሌላ የዲከረንስ ከሰል ከገበያ አስመጣ። የዚህኛው ባትሪዎች አርባ ዙር ሳይደርሱ ደከሙ። በዚያ ሰሞን ዲከረንሱን በሽታ እያደረቀው ስለነበር፣ በሽታው ነው አለ። ቀጥሎ ምድጃውን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ የመብራቱን መቆራረጥ፤ በመጨረሻ የገዛ እጁን። በሁለት ዓመት አንድ መቶ አሥራ ሰባት ባትሪ ሠራ፣ ሁሉም ወደቁ። ደብተሮቹ እኔ ዘንድ ናቸው።

በሐምሌ 2015 የፊተኛው ዛፍ ስለበቀለበት አፈር ሊጠይቅ ወደ አቶ ትዕዛዙ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ።

«የፊተኛውማ የወይራ ነው» አሉ ሰውየው፣ እንደ ዋዛ።

«የወይራ?» አለ ይሄነው።

«ጥሩውን አልከኝ። ለተማረ ሰው የዲከረንስ ከሰል ሰጠ ልባል እንዴ? እሱ እፍ ሲሉት አመድ ነው። ከሦስት ጎረቤት ለምኜ ነው የሞላሁልህ፣ ልጄ።»

አመስግኗቸው ወጣን። 

ጽሑፉን «ወይራ ነው» ብሎ ማረም አልቻለም። ከሦስት ቤት የተለቃቀመ ነው፤ በትክክል ምን ምን እንደነበረበት የሚያውቅ የለም፣ የሚመረመር ቅንጣትም አልተረፈም። ሀይማኖት ግን ጽሑፉን እንዳለ እንዲተወው ለመነችው።

«የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው» አለችው። «እሳቸው ደግሞ መጽሔት አያነቡም።»

«እኔና እህቴ አለን። አሁን አንቺም።»

ጽሑፉ እንዲሰረዝለት ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጻፈ። ኔትወርክ ስለተቋረጠ ደብዳቤው ሰባት ወር ኪሱ ውስጥ ቆየ። ሐሳቡን ለመቀየር በቂ ጊዜ ነበረው። በመጋቢት ዳንግላ ውስጥ መስመር ያለው መሥሪያ ቤት ሲገኝ ራሱ ሄዶ ላከው።

ጽሑፉ ተሰረዘ። የማዕረግ እድገቱ ቀረ፤ ለቤተ ሙከራው ይመጣለታል የተባለው መሣሪያም ቀረ። ሀይማኖት ባንክ ተቀጠረች፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት ፊቷን ታዞራለች። አቶ ትዕዛዙ ነገሩን ከሰው ሰምተው ይቅርታ ሊጠይቁ ሁለት ጊዜ ቤቱ መጡ። ጥፋቱ፣ ሳይመረምር ጆንያው ላይ ስም የጻፈው የእሱ የራሱ እንደሆነ ነገራቸው። አላመኑትም። እሱም ከዚያ በኋላ ያስተማረው የጀማሪዎችን ትምህርት ብቻ ነው።

በጥር 2017 በጉበት በሽታ ሞተ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት ባልደረቦቹ ከድሮ ፋይል ገልብጠውት ኖሯል። «ከዲከረንስ ዛፋችን ባትሪ የሠራ፣ ሥራውም በዓለም አቀፍ መጽሔት የወጣለት» ይላል። ላስቆማቸው ወደ ፊት ስራመድ አቶ ትዕዛዙ ክንዴን ያዙኝ። 

«መለሱለት እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ጽሑፉን መለሱለት?»

የሚያነበው ባልደረባው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው። «መለሱለት።»