ዴድላይንና የኖራው መስመር

ቀጸላ በዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቼር እየገፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ወለል ላይ መስመር ካየ ግን ቀጥ ይላል። ጥበቃው እየጠራው እንኳ ሌላ ሰው ቀድሞ ካላለፈ ንቅንቅ የለም። «ጋሽ ቀጸላ፣ መስመሩ አይናከስም እኮ!» ይሉታል የሥራ ጓደኞቹ። አብሯቸው ይስቃል። የውሸት ሳቅ ነው።

ለዜግነት ባስገባው ፎርም ላይ «ታስረው ያውቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ ባዶ ትቶት ነበር። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ «አልታሰርኩም» ብሎ ነበርና ምን ያድርግ? በደርግ ጊዜ፣ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ስምንት ወር ታስሯል። አሁን ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ፤ እስከ ዓርብ መልስ ካልላከ ማመልከቻው ይዘጋል። እውነቱን ከጻፈ ደግሞ በድሮ ውሸቱ የሚያባርሩት መሰለው።

የኮሌጅ ተማሪ የሆነችው ልጁ እምነት ደብዳቤውን አነበበችው።

«አባዬ፣ ዴድላይኑ ዓርብ ነው፤ ፊል አድርገው በቃ!» አለች። ፊቱ ሲጠቁር ልታስቀው ፈለገች። «ዴድላይን ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? ሂስትሪ ክላስ ተማርን። በሲቪል ዋር ጊዜ እስር ቤት ውስጥ የተሰመረ መስመር ነበር። እስረኛ ካለፈው ሹት ያደርጉታል! በኋላ ማተሚያ ቤቶች ወሰዱት፤ ከመስመሩ የወጣ ጽሑፍ አይታተምም። ከዚያ ጋዜጠኞች ለሰዓት ተጠቀሙበት። አሁን ለሆምወርክ ሆነ። ክሬዚ አይደል?»

ቀጸላ አልሳቀም።

«የእኛው የተሰመረው በኖራ ነበር» አለ።

«የእናንተ?»

«በደርግ ጊዜ ታስሬ ነበር። እዚያ ወርቁ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ዘበኛው ‹ና፣ እለፍ› ብሎ ጠራው። ሲያልፍ ተኮሰበት። ‹ሊያመልጥ ሲል› ብለው ጻፉ።»

እምነት ይህን ሰምታ አታውቅም። አባቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ እስክሪብቶ አቀበለችው። እየፈራ «አዎ» ብሎ ጻፈ፤ የድሮውንም ውሸት አልደበቀም።

ዓርብ ጠዋት ከሃቫና ስትሪት ብዙ በማይርቅ ፖስታ ቤት ተሰለፉ። ተራቸው ደረሰ። ወለሉ ላይ ቀይ መስመር አለ። ሠራተኛው «ኔክስት!» ብሎ በእጁ ጠራ። የቀጸላ እግር ተሳሰረ። ከፊቱ የሚቀድም ሰው አልነበረም።

«እሺ፣ እኔ ልቅደም» አለች እምነት፤ ተራመደችም።

«እምነት! አትሂጂ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ቀጸላ ሮጦ ክንዷን ያዘ፤ ወደ ኋላ ሊጎትታት ነበር። ዘወር ሲል ቀዩ መስመር ከኋላው ቀርቷል።

የጻፈውን ማን እንደሚያነበው፣ ምን እንደሚፈርድበት አያውቅም። አሁንም ይፈራል። የልጁን ክንድ ሳይለቅ ፖስታውን ለሠራተኛው ሰጠ።