ባዶ ካርቶን ላይ የተቀመጠችው ኦዲተር

ዛሬ ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ በደንበኛችን መጋዘን ውስጥ፣ ሻዬን እንደያዝኩ ካርቶን ውስጥ ሰመጥኩ።

ኦዲተር ነኝ፤ ሥራዬ መጠራጠር ነው። ባለፈው ሳምንት ጀሪፍ ሰፈር ያለውን አዲስ ደንበኛችንን የስኳር ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አስፈትቼው፣ «ያላ፣ በይ ቅመሺውም!» እስኪለኝ ድረስ አስመርሬዋለሁ።

የዛሬው መጋዘን ባለቤት፣ ሐጂ፣ ግን የቢሯችን የአሥራ ሁለት ዓመት ደንበኛ ናቸው። ገና ስገባ «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ደክሞሻል፤ ሻይ በወተት ጠጪ» ይሉኛል።

እንዲህ ያሉ አባት ካርቶን ይክፈቱ ይባላሉ? ነውር ነው! የሳሙና ካርቶኖቹን ከውጭ ቆጠርኩ፤ እንደ ልማዴ በየጎናቸው ራይት አደረግኩና አንዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ካርቶኑ ይዞኝ ሰመጠ፤ ውስጡ ሳሙና የለም። አጠገቡ ያሉትም ባዶ ናቸው። (ሻዩ ግን አልፈሰሰም፤ ይሄም ሙያ ነው።)

ሐጂ ምንም አልደነገጡም። እጄን ይዘው እያስነሱኝ «በየዓመቱ ስትቆጥሪው የኖርሽው እኮ ይሄንኑ ነው» አሉኝ።

ዞሬ የካርቶኑን ጎን አየሁት። የአራት ዓመት አራት ራይት አለበት፤ አራቱም የእኔ። የመጨረሻው ቀለሙ እንኳ አልደረቀም።

እስቲ እናንተም አክብራችሁ ሳትከፍቱ ያለፋችሁትን ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።